ከደሴ ወደ ጀርመን፦ የሁለት ሻንጣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ 28

ሥራው ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ የእጅ ሻንጣ ደሴ ላይ ማሰናዳት ነው። ተጓዡ አንድ የማስተርስ ተማሪ፣ መድረሻው ጀርመን፣ በረራው ከቦሌ መስከረም 20 ሌሊት። ትምህርቱ የሚጀምረው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ቤት መግባት፣ አድራሻ ማስመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ መክፈትና ዩኒቨርሲቲ መመዝገብ አለ። ሻንጣው የሚሰናዳው ለእነዚህ ቀናት ነው። ለሁለት ዓመት የሚበቃ ልብስ መሸከም ከንቱ ድካም ነው፤ ካልሲ፣ ሳሙና፣ ደብተርና ሹራብ እዚያም በየሰፈሩ ይሸጣል። ኪሎ የሚሰጠው እዚያ ለማይገኝ ወይም በመጀመሪያዎቹ አስር ቀናት ተሯሩጦ ለማይገዛ ነገር ብቻ ይሁን።

የክብደቱ ልክ፦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ለአብዛኛው የውጭ በረራ ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል፣ እያንዳንዱ እስከ 23 ኪሎ። የአንዱ ሻንጣ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። የእጁ 7 ኪሎ፣ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር። እንደ መስመሩና እንደ ቲኬቱ ዓይነት ስለሚለያይ ዳኛው ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ነው። አንድ ነገር ብዙ ሰው ያመልጠዋል፦ ከኮምቦልቻ ቦሌ ያለው በረራ ለብቻው ከተቆረጠ የሚሠራው የሀገር ውስጡ የሻንጣ ልክ ነው፤ እሱ ደግሞ ከውጭው ያንሳል። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ከተያያዙ ግን ብዙውን ጊዜ የውጭው ልክ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ይያዛል። ቲኬቱ ሳይቆረጥ ይጠየቅ።

ነሐሴ 2

ወረቀት ከልብስም ከምግብም ይቀድማል፤ ለመስተካከል ሳምንታት የሚፈጀው እሱ ብቻ ነውና።

መጀመሪያ ሁሉም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ስሙ ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ተነጻጸረ። ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሰይድ፣ ሁሴን፣ ሙሐመድ፣ ይማም የሚሉ ስሞች በላቲን ፊደል በሦስትም በአራትም ዓይነት ይጻፋሉ፤ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ አንድ፣ ዲግሪው ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛ ዓይነት ይዞ ይገኛል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለጀርመን መዝገብ ቤት ግን ሦስት ሰው ነው። የሚስተካከለው ሰነዱን የሰጠው ሬጅስትራር ቢሮ ዘንድ ነው፣ ያውም ተማሪው አገር ውስጥ እያለ።

ቀጥሎ የልደት ቀን። ከወሳኝ ኩነት የሚወጣው የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርቱ በአንድ ቀን የሚለያዩበት ምክንያት የዘመን ቆጠራው ነው። ጥር 12 ቀን 1997 ዓ.ም. በፈረንጆች ጃንዋሪ 20 ቀን 2005 ነው። ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2004 ነው፤ የ1995ቱ ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ገብቷል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር እየቀነሰ የሚያሰላ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይስታል። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 የተወለደ ሰው ወረቀቱን ደግሞ ይይ።

የትምህርት ማስረጃው መጀመሪያ በሚመለከተው የትምህርት መሥሪያ ቤት በኩል፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ማኅተም ያርፍበታል። ስለዚህ ኦሪጅናል ዲግሪ ላሚኔት አይደረግም፤ በላስቲክ ላይ ማኅተም አይያዝም፣ ለመላጥ ሲሞከርም ወረቀቱ ይቀደዳል። በታሸገ ፖስታ የተሰጠ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይከፈትም። ለራስ የሚሆን ኮፒ በተጨማሪ ይጠየቃል።

ውክልናም የዚህ ሳምንት ሥራ ነው። ተማሪው ከሄደ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ወረቀት የሚያወጣለት፣ ባንክ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። ደሴ ላይ በግማሽ ቀን የሚያልቀው ውክልና ከውጭ ሆኖ ሲሠራ በኤምባሲ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው።

ነሐሴ 9

የሚዛን ፍተሻ። በእጅ ተንጠልጥሎ የሚመዝን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ከሱቅ ይገኛል፤ ግን ሳይፈተሽ አይታመንም። መፈተኛው በየቤቱ አለ፦ 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን። ባዶውን መመዝገብ፣ እስከ 20 ሊትሩ ምልክት ውኃ ሞልቶ እንደገና መመዘን። ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። ሚዛኑ 19.4 ካለ በየሻንጣው 0.6 ይጨመራል ማለት ነው። ሰኞ ገበያ ያለው የእህል ሚዛንም ያገለግላል፤ ግማሽ ኪሎን በትክክል ባያሳይም።

የምናሽገው በ22 ኪሎ ልክ ነው። ቀሪዋ አንድ ኪሎ ለሚዛን ልዩነትና በመጨረሻው ሰዓት ለሚጨመር ነገር ናት። የጨርቁ ሻንጣ ባዶውን 3.2 ኪሎ፣ ጠንካራው ፕላስቲክ 4.3 መዘነ። ጨርቁ ለልብስ፣ ጠንካራው ለምግብና ለሚሰበር ዕቃ ተመደበ።

ነሐሴ 14

ምግብ። እዚህ ላይ ረጅም ማስታወሻ ያስፈልጋል፤ ሻንጣ የሚከፈተውና ዕቃ የሚጣለው በምግብ ነውና።

የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ አገር በተጓዥ እጅ ሥጋና የወተት ውጤት አያስገባም። ቋንጣ አይገባም። ቅቤ አይገባም፤ የተነጠረም ቢሆን፣ ቅመም የገባበትም ቢሆን፣ በትንሽ ጠርሙስም ቢሆን። አይብም እንዲሁ። ማር ግን ለግል እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። እርጥብ ነገር ሁሉ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጤና አዳም፣ የበሶብላ ዘለላ፣ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ስለሚጠይቅ እቤት ይቀራል። ጫት ጀርመን ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ለሰው አድርስልኝ ተብሎ የተሰጠ እሽግ ተከፍቶ ሳይታይ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

ለቅቤው መላ አለ። ሽታውን የሚሰጠው ቅመሙ ስለሆነ የሚሄደው ቅመሙ ነው። ለ1 ኪሎ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ኮሰረት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ትንሽ ደረቅ በሶብላ። ይህ ተቀላቅሎ በትንንሽ ከረጢት ይታሸጋል፤ አንድ ከረጢት ለአንድ ንጥር። እዚያ በየሱቁ 250 ግራም የሚመዝን ጨው የሌለው ቅቤ አለ። አራቱ ተነጥረው 800 ግራም ገደማ ይወጣቸዋል፤ ቀሪው ውኃና አተላ ነው። እሳቱ ዝቅተኛ ይሁን፤ አብሹ ካረረ መራራነቱ አይለቅም።

በርበሬ፣ 2 ኪሎ። ስሌቱ፦ ለአንድ ሰው የሚሠራ ወጥ 30 ግራም ያህል ይወስዳል፤ በሳምንት ሁለቴ ከተሠራ 60 ግራም። 2 ኪሎ ከሰባት ወር በላይ ያቆያል። ሽሮ፣ 3 ኪሎ። በአንድ ምግብ 60 ግራም፣ በሳምንት ሦስቴ፣ አራት ወር ገደማ። ደክሞት ለሚገባ ተማሪ ከሽሮ የሚፈጥን ነገር ስለሌለ ሽሮው ቀድሞ ያልቃል፤ በርበሬ አብዝቶ ሽሮ ማሳነስ የተለመደ ስሕተት ነው። በሶ 1 ኪሎ፣ ቆሎ 1 ኪሎ፣ ድርቆሽ 1 ኪሎ፣ ሚጥሚጣ 250 ግራም፣ ማር 1 ኪሎ። ድልህና አዋዜ አይታሸጉም፤ እርጥብ ስለሆኑ ይፈስሳሉ፣ ፈስሰውም ልብስ ያበላሻሉ።

የክረምቱ ችግር፦ በነሐሴ ደሴ ላይ ጸሐይ የለም፤ የጦሳ ተራራም ከጉም አይወጣም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የተደቆሰበት በርበሬ ውጭው ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ከሁለት ወር በኋላ ሻጋታው ይመጣል። መፈተሻው ይኸውና፦ ጥቂት ዱቄት ደረቅ የመስተዋት ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ መክደን፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ጸሐይ ላይ አንድ ሰዓት ማቆየት። ግድግዳው ላይ ጤዛ ከታየ በርበሬው አልደረቀም፤ በብረት ምጣድ በጣም ዝቅ ባለ እሳት እያገላበጡ ማድረቅ ያስፈልጋል። ዘመድ ያለው ሰው ዛላውን ኮምቦልቻ አውርዶ ቢያደርቅ ይሻለዋል፤ እዚያ ይሞቃል።

ነሐሴ 17

ከወፍጮ የመጣ ዱቄት ትኩስ ነው። በንጹሕ አንሶላ ላይ ተዘርግቶ፣ በነጠላ ተሸፍኖ አደረ። በሙቀቱ ቢታሸግ ላብ ያወጣና ይጓጉላል።

እሽጉ በ500 ግራም ነው። ወፍራም ላስቲክ፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ፣ አፉ በሙቀት ተበይዶ፣ ከዚያ በሁለተኛ ላስቲክ ውስጥ ተገልብጦ ገብቶ ዳግመኛ ተበየደ። ተራ ፌስታል በስፌቱ በኩል ዱቄት ያሳልፋል። በ500 የተከፈለበት ምክንያት ሁለት ነው፦ ጉምሩክ አንዱን ቢከፍት ሌላው ደኅና ይሆናል፤ እዚያም ሲደርስ አንዱ እየተበላ ሌላው እንደታሸገ ይቆያል። በየእሽጉ ላይ ይዘቱና «ለግል ምግብ» የሚለው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተለጠፈ። ቀይ ዱቄት በኤክስሬይ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፤ መልሱ አብሮት ቢሄድ መልካም ነው። ዱቄት ሁሉ ወደሚጫነው ሻንጣ ይገባል። በተለይ ወደ አሜሪካ ለሚበር ሰው ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ መያዝ ችግር ያመጣል።

«አውሮፕላን ላይ ይፈነዳል» የሚባለውን በተመለከተ፦ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አውሮፕላን ውስጡን የሚያቆየው ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ የታሸገ ከረጢት በበረራ ላይ አይነፋም። ጀርመን ሲወርድ እንዲያውም ይኮማተራል። 1,850 ሜትር ላይ ባለችው ኮምቦልቻ የታሸገ ግን ከመቶ ሰባት ያህል ስለሚነፋ አየሩን በደንብ ማስወጣት ይጠይቃል።

ነሐሴ 22

ቡና። ወሎዬ ያለ ቡና አይኖርምና ይህም በቁም ነገር ይታሰብ። ጥሬ ቡና ይዞ ሄዶ እዚያ መቁላት ያምራል፤ ነገር ግን የጀርመን የተማሪ መኖሪያ ክፍሎች ጣሪያ ላይ የጢስ ጠቋሚ መሣሪያ አላቸው። የቡና ቁላት ጢስና የዕጣን ጢስ ይቀሰቅሱታል። በአንዳንድ ሕንፃ ምልክቱ በቀጥታ ወደ እሳት አደጋ ስለሚሄድ የመምጫውን ወጪ ተከራዩ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ቡናው ተቆልቶ፣ ሳይፈጭ፣ ይሄዳል፤ ያልተፈጨ ቡና መዓዛውን ረዘም አድርጎ ይይዛል። አንድ ኪሎ፣ በአራት እሽግ። ከተቆላ በኋላ ጋዝ ስለሚያወጣ ወዲያው አይታሸግም፤ ሁለት ቀን አፉ ላላ ብሎ ይቆያል። የሚቆላው እንግዲህ በመስከረም ነው፤ ለዛሬ ጥሬው ተለቅሞ ተቀመጠ።

ጀበና ላይ ክርክር አለ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ በጠፍጣፋው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ቂጡ እኩል ስለማይነካ ቀስ ብሎ ይፈላል፣ በድንገት ከፍ ባለ ሙቀትም ይሰነጠቃል። የእኛ ፍርድ ይሂድ የሚል ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በብረት ማንቆርቆሪያ አይሆንም፤ ልጁ ብቻውን በሚሆንበት በዚያ አገር ጎረቤቱን ጠርቶ የሚያስተናግድበት ነገር ያስፈልገዋል። ማሸጊያው፦ ሆዱ በካልሲ ይሞላል፣ አንገቱ በፎጣ ይጠቀለላል፣ ከሻንጣው ግድግዳ ርቆ መሐል ይቀመጣል። አራት ሲኒ በመሐላቸው ጨርቅ ገብቶ ተደራርበው አጠገቡ። ዕጣን ለበዓል፣ ጥቂት፣ ከቤት ውጭ የሚጨስ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ አይሄድም። የሶኬቱ ቅርጽ ያው የኛው ክብ ሁለት ጥርስ ነው፤ 230 ቮልትም ይስማማዋል። ግን ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ የጀርመን አንድ ሶኬት ጣሪያው 16 አምፔር፣ ማለትም 3,680 ዋት ነው። ሌላ ዕቃ አብሮ ሲበራ መስመሩ ይቆረጣል፤ ክብደቱም ግማሽ ሻንጣ ነው። በ120 ቮልት ለሚሠራው አሜሪካ ለሚሄድ ደግሞ ምጣዱ ከኃይሉ አንድ ሦስተኛውን እንኳ አይሰጥም።

ጳጉሜን 1

ልብስ ታጠበ፤ ግን ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎም ወገቡና ብብቱ እርጥብ ነው። እርጥበት ያለው ልብስ ተጨቁኖ ሲታሸግ ጠረን ያመጣል። ካውያ ይለፍበት፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ይደር።

የውጭ ካፖርት ከቦንዳ ተራ ተመረጠ። ከአውሮፓ የመጣ ልባሽ ስለሆነ ለዚያ ብርድ የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ደኅና ነው። የሚታየው፦ ዚፑ እስከ ላይ ይሄዳል ወይ፣ ውስጡ የተሞላው ነገር ወደ ታች ተሰብስቦ ትከሻው ባዶ ሆኗል ወይ፣ ከላይ ውኃ ጠብ ሲደረግ ይንከባለላል ወይስ ይጠጣል። ካፖርቱ ተለብሶ ይጓዛል እንጂ አይታሸግም። ጫማው የጎማ ሶል ያለው ይሁን፤ የቆዳ ሶል በረዶ ላይ ያንሸራትታል።

ጋቢ 1.6 ኪሎ ይመዝናል፤ ቢሆንም ይገባል። አብዛኛው የተማሪ ክፍል አልጋና ፍራሽ ብቻ ነው ያለው፤ ብርድ ልብስና ትራስ የለም። የደረሰ ተማሪ በመጀመሪያው ሌሊት የሚለብሰው ይኸው ጋቢ ነው፤ አንሶላም አብሮ ይሂድ። ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና ሞቃት ነው፣ ግን ለአውሮፕላን ከባድ ነው። ለበዓል አንድ የባህል ልብስ፤ ሙስሊም ለሆነ ቀለል ያለ መስገጃ። ሌላው ልብስ ሰባት ቀን የሚያስለብስ ይሁን፤ መታጠቢያ ማሽን በየሕንፃው አለ።

የድሮ መስቀል፣ ብራና ወይም ያረጀ ጌጥ በስጦታ መልክ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። ቅርስ ከአገር የሚወጣው በቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ነው።

መስከረም 6

የእጅ ሻንጣ። 7 ኪሎ ቶሎ ይሞላል፤ ላፕቶፕና ቻርጀሩ ብቻ 2.5 ኪሎ ወሰዱ።

በጠንካራ ፋይል ውስጥ፦ ፓስፖርት፣ የዩኒቨርሲቲው መቀበያ ደብዳቤ፣ የዝግ ሒሳቡ (ለኑሮው አስቀድሞ ተቆልፎ የተቀመጠው ገንዘብ) ማረጋገጫ፣ የጤና መድን፣ የኪራይ ውል፣ ኦሪጅናል ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ 35 በ45 ሚሊ ሜትር የሆነ ስድስት ፎቶ። አንዳንድ ዲግሪ ከኤ4 ስለሚሰፋ ፋይሉ በዲግሪው ልክ ይገዛ፤ ማጠፍ የለም። የሁሉም ስካን በስልክ፣ በፍላሽና በኢሜይል። ዝግ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ እዚያ የባንክ ሒሳብ ሳይከፈት አይለቀቅም፤ ስለዚህ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ዩሮ ከባንክ በደረሰኝ ወጥቶ፣ ደረሰኙም አብሮት ይያዝ።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በሚጫነው ሻንጣ ከተገኘ ይወጣል። ልኩ 100 ዋት ሰዓት ነው። ስሌቱ፦ ሚሊ አምፔር ሰዓቱን ለ1,000 አካፍሎ በ3.7 ማባዛት። 20,000 የተጻፈበት 74 ይሆናል፣ ያልፋል። 30,000 የተጻፈበት 111 ነው፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት።

መድኃኒት በራሱ ካርቶን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት ጋር፣ ቢበዛ የሦስት ወር። መነጽር የሚያደርግ ሁለት ይያዝ። ጥርስ ካመመ እዚሁ ይታከም።

የኢትዮ ቴሌኮም ሲም አይጣል። የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነው፤ ሮሚንግ ከመሄዱ በፊት ይከፈት፣ ካርድም ይሞላ።

መስከረም 15

የመጀመሪያ ሙሉ ሙከራ። ቡናው ተቆልቶ፣ ሁለት ቀን ከርሞ ታሽጎ ገባ። የምግቡ ሻንጣ 24.1 ኪሎ መጣ። ሁለት መጽሐፍ ወጣ (በስካን ይነበባል)፣ ማሩ ወደ ልብሱ ሻንጣ ተዛወረ፤ 21.9 ሆነ። የልብሱ 20.4። አንድ ሻንጣ ቢዘገይ ተማሪው ባዶ እንዳይቀር የሦስት ቀን የውስጥ ልብስ ወደ ምግቡ ሻንጣ፣ ሁለት እሽግ ሽሮ ወደ ልብሱ ሻንጣ ተሻገሩ። ከሻንጣው ላይ የድሮ የበረራ ባርኮድ ሁሉ ተላጠ፤ የቆየ ወረቀት ማሽኑን ያሳስተዋል። ስምና የጀርመኑ አድራሻ በውስጥም በውጭም።

የአውቶቡስ መንገድ ለሚሄድ፦ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ከተጫነ ጣርማ በር ላይ ዝናብ ያገኘዋል። ሻንጣው በትልቅ ላስቲክ፣ ከላዩ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን። ከበረራው ሁለት ቀን ቀድሞ መግባት ይሻላል፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

መስከረም 18

አዲስ አበባ ላይ እንደገና ተመዘነ፤ ልዩነቱ 0.2 ኪሎ። ከላይ የተቀመጡት፦ ጋቢ፣ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ትንሿ ድስት፣ አንድ እሽግ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ። ይህ የታሰበበት ነው። ተጓዡ መስከረም 21 ይደርሳል፤ መስከረም 23፣ በእነሱ ኦክቶበር 3፣ ብሔራዊ በዓላቸው ስለሆነ ሱቅ ዝግ ነው። እሑድም ዝግ ነው። ለእነዚያ ቀናት የሚበላው ከሻንጣው ነው።

ደሴ የቀረው ዝርዝር፦ ሁለተኛ ጋቢ፣ 2 ኪሎ ሽሮ፣ ሁለቱ መጽሐፍ፣ የወገብ መቀነት። ከገና በኋላ የሚሄድ ሰው ከተገኘ በዚህ ቅደም ተከተል ይላካሉ። የሚወስደው ሰው እሽጉን ራሱ ከፍቶ አይቶ፣ ራሱ መዝኖ ይረከብ።